ሁለተኛዋ ክኒን

አቶ ባየልኝ ገንዳ ውሃ አቅራቢያ ሰሊጥና ማሽላ ሲያርሱ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። የልብ ድካም ከያዛቸው ወዲህ ግን እግራቸው ያብጣል፤ ትንሽ ሲራመዱም ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ ክኒን ታዞላቸው፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ውባንች ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ይሰጧቸው ነበር።

ባለፈው ነሐሴ እብጠቱ ባሰ። እግራቸው ጫማ አልገባ አለ። ልጃቸው አለምሰገድ ብቻውን የዘራውን ሰሊጥ ሳያዩ ክረምቱ ሊወጣ መሆኑን እያነሱ ሲተክዙ፣ ወይዘሮ ውባንች የክኒኑን ዕቃ አውጥተው አዩት። አንዷ ይህን ያህል ውሃ ካወጣች ሁለቱ ጨርሰው ያደርቁታል ብለው አሰቡ። ማንንም ሳያማክሩ ሁለት ሁለት መስጠት ጀመሩ።

በሳምንቱ እብጠቱ ጎደለ። አቶ ባየልኝ ከዘራቸውን ይዘው ማሳው ድረስ ሄዱ፤ አበባ በያዘው ሰሊጥ መሀል ቆመው ቅጠሉን በእጃቸው ዳሰሱ። ጎረቤቱ ሁሉ ዳኑ አለ። ማሳውን ካዩ በሦስተኛው ቀን ግን ባታቸው እየተኮማተረ ያሠቃያቸው ጀመር፤ ጉልበት ከዳቸው፤ ልባቸውም አንዴ ትሮጣለች፣ አንዴ የቆመች ያህል ትዘገያለች።

አለምሰገድ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ሲያደርሳቸው ነርሷ ሲስተር ሔለን ክኒኑን ስንት እንደሚወስዱ ጠየቀች። ወይዘሮ ውባንች የአለምሰገድን ፊት አዩና አንድ ነው አሉ። ሔለን የልብ ምቱ አላማራትም፤ በዚያው ዕለት በአምቡላንስ ወደ ጎንደር ላከቻቸው።

እዚያ ደማቸው ሲመረመር ፖታሲየምና ማግኒዚየም የሚባሉት ማዕድናት ክፉኛ አንሰው ተገኙ። ሐኪሙ ወይዘሮ ውባንችን አስቀምጦ በእርጋታ አስረዳቸው። ልብ በደንብ የምትመታው ጡንቻዋ ውስጥ እነዚህ ማዕድናት በልክ ሲኖሩ ነው፤ ክኒኗ ውሃውን ስታስወጣ እነሱንም አብራ ታስወጣለች፤ ማግኒዚየሙ ካነሰ ደግሞ ፖታሲየሙ ቢሰጥም አይረጋም፤ ላረጀችና ለደከመች ልብ ይህ ትልቅ አደጋ ነው። ከዚያ ስንት ይወስዱ እንደነበር እንደገና ጠየቃቸው። አሁን እውነቱን ተናገሩ።

የጎደለው በደም ሥራቸው ቀስ እያለ ተሰጣቸው። በአራተኛው ቀን ምታቸው ተስተካከለ። ወይዘሮ ውባንች አለምሰገድ እስኪወጣ ጠብቀው አልጋው አጠገብ ተንበረከኩ።

«ልገድልዎ የነበርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ሁለት ነበር የምሰጥዎ።»

አቶ ባየልኝ እጃቸውን ዘርግተው የሚስታቸውን ትከሻ ነኩ።

«ሁለት መሆኑን አውቅ ነበር» አሉ። «የምትሰጭኝ አንቺ፣ የምውጠው እኔ። ማሳዬን ማየት ፈልጌ ነው። ብቻሽን አትሸከሚው።»

ከዚያ ወዲህ ክኒኗ አንድ ብቻ ሆነች፤ የፖታሲየም መተኪያ ተጨመረላቸው፤ በየጊዜውም ደማቸው ይታይ ነበር። ማሳው ግን ዳግም አልሄዱም። ጥር ላይ ልባቸው እየደከመች ሄዳ አረፉ። የገደላቸው ያ የነሐሴው ስህተት እንዳልሆነ ነገሩን በኋላ የሰማችው ሔለን ደጋግማ ብትነግራቸውም፣ ወይዘሮ ውባንች ለማመን ጊዜ ወሰደባቸው።

በአርባው ማግስት አለምሰገድን ጠርተው ሁሉንም ነገሩት። እሱም ወንበሩን አስጠግቶ፣ እጃቸውን ይዞ፣ እስኪመሽ አብሯቸው ተቀመጠ።