ባለ አንድ ዓይን መንገደኞች

ጎንደር ውስጥ ሥዕል ለማሠራት ኮሚቴ ያስፈልጋል፤ ኮሚቴ ካለ ደግሞ ሥዕሉ ላይ ግንብ ያስፈልጋል። በዚህ ከተማ ግንብ ያልተሣለበት ነገር ቢፈለግ የሕፃን ሽንት ጨርቅ ቢገኝ ነው። እናም ከተማዋ አዘዞ ሚኒባስ መያዣው አጠገብ ያለውን ረጅም የሲሚንቶ ግድግዳ በሥዕል ላስውብ ብላ ውድድር ስታወጣ፣ ከመጡት ሥራዎች አብዛኞቹ ግንብ ነበሩ። ግንብ ፀሐይ ስትወጣ፣ ግንብ ጨረቃ ስትወጣ፣ ግንብ ከነአንበሳው።

ሚስጥር ያቀረበችው ግን መንገደኛ ነው። ጠዋት አዘዞ ላይ ሚኒባስ ለመያዝ የሚሽቀዳደመውን ሰው፣ ሸክላዋን ጠዳ ገበያ ከምትወስደው የወለቃዋ ይመኙሽ እስከ ረዳቱ፣ ተሸካሚውና ጭነት የተጫነባት አህያ ድረስ፣ ወደ አንዲት ሰማያዊ ሚኒባስ ሲገሰግስ ሣለችው።

አባቷ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ የደብር ግድግዳ ሲሥሉ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። እሷ እስከዛሬ የሣለችው የፀጉር ቤት በርና የጁስ ቤት ብርጭቆ ነው። ግድግዳ፣ ያውም ሰው ሁሉ የሚያየው ግድግዳ፣ አግኝታ አታውቅም። ይህ ካመለጣት ቀሪ ዘመኗን የፀጉር ቤት በር ላይ ከንፈር ስትቀባ እንደምትኖር ገብቷታል።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ውድነህ የከተማው ተወካይ ነው፤ ክርክር ሲጠና እስክሪብቶውን የሚያኝክ ሰው። ያን ሰሞን ብዙ አኝኳል። አንዱ የኮሚቴ አባል ግንቡ የት አለ ብሎ ተነሣ። ሌላው አህያዋ ለከተማው ገጽታ ስለማትመጥን ትውጣ አለ። አህያዋ ከወጣች ጭነቱን አንተ ትሸከመዋለህ ወይ ብሎ ሦስተኛው ተቆጣ። በሚኒባሷ ቀለም ላይ ብቻ አንድ ከሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ የግንብ ወዳጆች የትኛው ግንብ ይሻላል በሚለው ላይ ተጣሉና፣ ሚስጥር ደግሞ የማንም ዘመድ ስላልሆነች ማንንም ሳታስቀይም አለፈች። ስለ ዓይን ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ወረቀቱ ላይ የሰዉ ፊት የምስር ፍሬ ታክላለች፤ ምስር ላይ ዓይን የሚቆጥር ማን አለ?

ከተማው ግድግዳውንና ፈቃዱን ሰጠ። ቀለሙን፣ የእንጨት መወጣጫውንና የሚስጥርን የድካም ዋጋ የሚችል ሰው ሲፈለግ ደግሞ አያ ቢሻው ተገኘ። አያ ቢሻው የሰሊጥ ነጋዴ ነው። መስጠቱን ይሰጣል፣ እጁ አይጨበጥም፤ ሲሰጥ ያላየው ሰው ካለ ግን ደስ አይለውም። እኔም ከመንገደኞቹ መካከል ልኑር አለ። ሚስጥርም ከሰልፉ ሁሉ ፊት፣ የሚኒባሷ በር ላይ አቆመችው። ያን ዕለት ከደስታው ብዛት ለመላው ኮሚቴ ጥብስ አዘዘ።

ሥራው ተጀመረ። ምስር ያክሉ የነበሩ ፊቶች ግድግዳው ላይ ሰፌድ አከሉ። ታዲያ አንድ ቀን ከማኅበር የሚመለሱ ሴቶች ግድግዳው ሥር ቆሙ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ አማተቡና መንገድ ቀይረው ሄዱ። ሳይመሽ ወሬው አዘዞን አዳረሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎንደር ተወልዶ የደብር ሥዕል ሳያይ ያደገ የለም። ጻድቁ ፊቱን ሙሉ ወደ አንተ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያይሃል። ሰይጣንና ይሁዳ ግን በጎናቸው ነው የሚሣሉት፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። ሚስጥር ደግሞ መንገደኞቿን በሙሉ በጎናቸው ሥላቸዋለች፤ ወደ ሚኒባስ የሚሮጥ ሰው የሚታየው በጎኑ ነዋ! ይህን ሕግ ከማንም በፊት ያወቀችው እሷ ናት፣ ያውም ከአባቷ አፍ። ግን የመቅደስ ሕግ እንጂ የመናኸሪያ ሕግ አልመሰላትም። ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ዓይኑን እዚያው ትቶ የሚወጣ መስሏት፣ ሞኟ!

የአዘዞ ሰው ደግሞ ነገር ካገኘ አይምርም። አያ ቢሻውን ባገኙት ቁጥር፣ ሌላዋን ዓይንህን የት ጣልካት፣ ሰሊጥ ስትመዝን ሚዛኑ ላይ ረሳሃት እንዴ እያሉ ያሾፉበት ጀመር። በሦስተኛው ቀን በሽቆ ኮሚቴው ዘንድ ገባ። ወይ ሁለተኛ ዓይኔ ይምጣልኝ፣ ወይ ግድግዳው በኖራ ይለቅለቅ አለ። እናቱ እማሆይ ወለተሩፋኤል ቅዳሜ ለምረቃው ከጠዳ ይመጣሉ፤ የመነኮሱ ሴት የወለዱትን ልጅ ከይሁዳ ጋር ተሰልፎ ሊያዩት ነው ወይ ብሎ ጠረጴዛ መታ።

ኮሚቴው ሚስጥርን ጠርቶ ውሳኔውን ነገራት። የአያ ቢሻው ፊት ይዞራል፤ ሌላው እንዳለ ይቆያል፣ ጊዜ የለም።

ሚስጥር ግድግዳዋ ሊተርፍላት ነው፤ እሺ ብሎ መውጣት ነበር የሚሻላት። ግን አፏ አልታዘዛትም።

«ይመኙሽስ? ተሸካሚውስ? እነሱን ከሰይጣን ወገን ትቼ ልሂድ?»

አቶ ውድነህ እስክሪብቶውን ከአፉ አወጣ። «እነሱ አቤቱታ አላቀረቡም።»

በማግስቱ ቀለሟን ይዛ መወጣጫው ላይ ልትወጣ ስትል ይመኙሽ ሸክላዋን መሬት አስቀምጣ ትጠብቃታለች። ሴትዮዋ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም።

«ምነው ልጄ፣ ምን በደልሁሽ? ሸክላ ሠሪ ዓይኗ ይበላል እየተባለ ድሮም ሲወራብን ኖሯል። አንቺም ጨመርሽበት?»

ሚስጥር መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መወጣጫውን ከሚኒባሷ በር አንሥታ እየጎተተች ወደ ሰልፉ ጭራ ወሰደችውና የይመኙሽን አንገት ማዞር ጀመረች። ሁለተኛው ዓይን ሲገባ የሥዕሏ ይመኙሽ አንድ ሰው በስሟ የጠራት መሰለች። ከእሷ ቀጥላ ተሸካሚውን አዞረች፣ ከዚያ ተማሪዎቹን፣ ቄሱን፣ ረዳቱን። ሁሉም እንደ ተጠራ ሰው ከመንገዱ ቆም ብሎ ወደ ኋላው ዞረ። አህያዋም ሳይቀር ዞረች፤ ሚስጥር እጇ ከገባ አይቀር ብላ ነው።

አያ ቢሻው ፊተኛ ስለሆነ መጨረሻ ደረሰው። ዓርብ ከሰዓት ተራው ሲደርስ ያ የጎንደር ዝናብ ዶፉን አወረደው፤ ቀለም የሚይዝ ግድግዳ ጠፋ። ዝናቡን ያመጣው እግዜር ነው። ከጭራ መጀመሩን ያመጣችው ግን ራሷ ናት፤ ቢጠይቋትም አትክድም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አዘዞ ግጥም አለች። ግድግዳውን የሸፈነው መጋረጃ ተገፈፈ። ሰዉ መጀመሪያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ያ ሁሉ መንገደኛ ከግድግዳው ላይ ፊት ለፊት ያየዋላ! ከዚያ እልልታው ቀለጠ። ይመኙሽ ራሷን አግኝታ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። አያ ቢሻው ብቻ፣ ከሁሉም ፊት፣ ሚኒባሷ በር ላይ፣ በጎኑ ቆሟል። አንዲት ዓይኑ ወደ ጋቢናው ታያለች።

የሥጋውና የደሙ ቢሻው ፊቱ ጠቆረ። ወደ አቶ ውድነህ ጠጋ ብሎ ኖራው ይምጣ አለው። ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ሚስጥር ግን ሰማች። በዓይኗ የዞረው ያ የፀጉር ቤት በር ነው።

ያን ጊዜ እማሆይ ወለተሩፋኤል በመቋሚያቸው እየተደገፉ ወደ ግድግዳው ቀረቡ። አንገታቸውን ቀና አድርገው ብዙ ቆዩ። አቶ ውድነህ ሮጦ ደረሰና፣ ዝናብ አግኝቶት ነው እንጂ የልጅዎ ፊት ገና አላለቀም፣ ሁለተኛው ዓይን ይጨመራል እያለ ይቀባጥር ጀመር።

«የለም፣ አልቋል» አሉ እማሆይ። «ይሄማ ልጄ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ሲጠሩት ዞሯል። የኔው ልጅ ሲጠሩት አይዞርም።»

ሰዉ በሳቅ አውካካ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ባሕር ዳር ሲወርድ በደጄ ነው የሚያልፈው። ማኪናውን ሳያት እወጣና ቢሻው፣ ቢሻው እላለሁ። ይኸው እንዲህ ነው የማየው፣ በጎኑ። ሸጋ አድርጋ ነው የሣለችው።»

ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ። አቶ ውድነህ እስክሪብቶውን አፉ ውስጥ አድርጎ ማኘኩን ረሳው። በዚህ መሐል ኖራ ይዞ የደረሰው ሠራተኛ ባልዲውን አንጠልጥሎ፣ ልቀባ ወይስ ልተው በሚል ዓይን አያ ቢሻውን ይጠብቃል።

«ተወው» አለ አያ ቢሻው። «እንዳለ ይቆይ። ማንም እንዳይነካው።»

ሠራተኛው ባልዲውን አስቀመጠ። እማሆይ የሰሙም አይመስሉ፤ መቋሚያቸውን እየተከሉ ወደ ጠዳ ሚኒባስ መሄድ ጀምረው ነበር።

«እማ» አለ ቢሻው ከኋላቸው።

እሳቸውም እንደ ልጃቸው ሳይዞሩ ጥቂት ተራመዱ። ሁለተኛ ጠራቸው። ሦስተኛም። ከዚያ በኋላ ዞሩለት።