ወደ ውስጥ ያጋደለው ማዕዘን

ነገሩ እንግዲህ በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው፤ መስከረም ሊጋመስ ሲል፣ የክረምቱ ጭቃ ገና ሳይደርቅ። የላሊበላ ቀበሌ ጡሩንባ አስነፍቶ፣ «ሥራ የሌላችሁ ወጣቶች ስሙ! የግንበኝነት ትምህርት በነጻ ይሰጣል። ሦስት ወር ተምሮ ፈተናውን ያለፈ፣ ሙጃ ላይ በሚሠራው የእህል መጋዘን ይቀጠራል!» ብሎ አስለፈፈ። በነጻ ሲባል ጊዜ ሰዉ ተጠራጠረ። «ምን ቢፈልጉ ነው?» ያለም ነበር። የሆነው ሆኖ አሥራ አራት ወጣት ተመዘገበ። የሚቀጠሩት ግን አምስት ብቻ ናቸው።

ከአሥራ አራቱ ሴት አንዲት ናት፤ ዘነቡ ትባላለች፣ የሃያ ዓመት ልጅ። በላስታ ድንጋዩን የሚደረድረው ወንድ ነው፤ ግድግዳውን በጭቃ መምረግ ደግሞ የሴት ነው። ዘነቡም ከእናቷ ከወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ጋር የሰው ግድግዳ ስትመርግ ነው ያደገችው። አሁን የእናትየው ወገብ አልታዘዝ አለ። ደሴ ያለ ዘመዳቸው፣ «ልጅቷን ላኪልኝ፣ ሰው ቤት አስገባታለሁ» ብሎ ላከባቸው፤ ለገና ትመጣለች ብለው ቃል ሰጡ።

«ሙጃ ከቀጠሩሽ ትቀሪያለሽ፤ ካልቀጠሩሽ ደሴ ነሽ» አሏት። «ሌላ ምን አለን ልጄ?»

ዘነቡ ሰው ቤት መግባትን እንደ ሞት ትፈራዋለች። ሳትውል ሳታድር ሄዳ ተመዘገበች።

አስተማሪው አብደላ የሚባል ከደሴ የመጣ ግንበኛ ነው። በመጀመሪያው ቀን፣ «ጓድ በሉት ተብላችኋል፤ እኔ ግን ጋሼ ስትሉኝ ቶሎ ይሰማኛል» ብሎ አሳቃቸው። ከዚያ ከሻንጣው ውሃ ልኩን አወጣና ድንጋይ ላይ አጋደመው።

«ይቺ በመስታወቷ ውስጥ ያለችው አረፋ መሃል ላይ ስትቆም፣ ድንጋዩ ተስተካክሏል ማለት ነው።»

ሌሎቹ «እሺ» ብለው አለፉ። ዘነቡ ግን ቁጢጥ ብላ፣ አንገቷን አስግጋ፣ «ጋሼ፣ መሃሉን በምን አወቀችው?» አለች።

«አታውቀውም። እሷ የምትሸሸው ወደ ከፍታው ነው።»

«ለምን ትሸሻለች?»

ፈንታው የሚባል ቀልደኛ ነበር፤ አላስቻለውም። «ዘነቡ፣ ነገ ደግሞ ድንጋዩን የማን ልጅ ነህ በይው!»

«ብጠይቀውስ? ካንተ የተሻለ ይመልስልኛል።»

አብደላ ግን አልሳቀም። «ወላሂ፣ ሃያ ዓመት ስሠራባት ለምን እንደምትሸሽ ጠይቄ አላውቅም» አለና ውሃ ልኩን እንደ አዲስ ነገር አገላብጦ አየው።

ትምህርቱ ቀላል አልነበረም። በዚያ አገር ቤት ማለት ክብ ነው፤ ድንጋይ በጭቃ፣ ደርብ ያለውም ቢሆን ክብ። ማዕዘን ገንቡ ሲባሉ የልጆቹ እጅ ሳያውቁት ይዞራል። ፈንታው የመጀመሪያ ማዕዘኑን ሲጨርስ እንደ ጋን ሆድ ክብልል ብሎ ተገኘ። «ጋሼ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ድንጋዩ ወደ ቤቱ ሄዶ ነው!» አለ። አብደላ አፍርሶ አሠራው፤ አሁንም አፍርሶ አሠራው።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ፈተናው ደረሰ። እያንዳንዱ አንድ ማዕዘን ይገንባ ተባለ፤ ቁመቱ ሁለት ክንድ፣ ጎንና ጎኑም ሁለት ሁለት ክንድ። ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አድማሴ ደብተሩን ይዞ መጣ። አብደላ በየግንቡ ላይ ቱንቢውን እየጣለ አለፈ፤ በክር የተንጠለጠለችው ብረት የግንቡን ቀጥታ ትናገራለች። አራት ሰዎች አለፉ፣ ፈንታውም አንዱ ነው፤ ዘጠኙ ወደቁ። በመጨረሻ የዘነቡ ተራ ደረሰ። ድንጋዩ በደንብ ተያይዟል፣ ማዕዘኑ እንደ ስለት ነው። ቱንቢው ሲወርድ ግን ግንቡ አናቱ ላይ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አጋድሎ ተገኘ።

«ተንጋዷል» አለ አድማሴ። «አበቃ።»

አብደላ ግን አላበቃም። ሌላውን ጎን ለካ፤ ሁለት ጣት። የተማሪ ስሕተት አንድ ቦታ ያብጣል፣ አንድ ቦታ ይጎድላል። ይህ ግን ከሥር እስከ አናት እኩል እያጋደለ ነው የሄደው።

«ማን ነው እንዲህ ያስተማረሽ?»

«ማንም። ጋሼ፣ እኔ ቀጥ ያለ መስሎኝ ነው» አለች። «ስመርገው የኖርኩት ግድግዳ እንዲህ ነው።»

«የማን ግድግዳ?»

«አያ ከፋለ የሠሩት፤ የአገሬው የድሮ ግንበኛ ናቸው።»

አብደላ ወደ አድማሴ ዞረ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ያንን ግድግዳ ልየው፤ አምስተኛውን ስም እስከ ነገ እኩለ ቀን አቆዩልኝ።»

«ካልተገኘ አራቱ ይበቃሉ። ከእኩለ ቀን አላልፍም።»

አያ ከፋለ የሚኖሩት በይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ፣ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ነው። አብደላና ዘነቡ ያኔውኑ ወጡ። ሽማግሌው በረታቸውን ሲጠግኑ አገኟቸው። አብደላ ሰላምታውን አድርሶ፣ ፈቃድ ጠይቆ ገባና ከውስጥ በኩል ከግድግዳው አናት ላይ ቱንቢውን ለቀቀው። ብረቱ ከግድግዳው ሥር አንድ ጋት፣ አራት ጣት ያህል፣ ርቆ ተንጠለጠለ። እየዞረ በአራት ቦታ ለካ፤ በአራቱም ጋት፣ በአራቱም ጋት።

«ማሻአላህ! አያ ከፋለ፣ ያለ ክር እንዴት አድርገው ነው?»

«በዓይኔ ነዋ፣ እንግዳዬ። ምን አጠፋሁ?»

ዘነቡ ከበሩ ሆና ቸኮለች። «አያ፣ ለምን ወደ ውስጥ ያጋድሉታል? እኔ እንዳንቱ ብሠራው ወደቅሽ አሉኝ።»

«ምን ሠራሽ?»

«ማዕዘን። ሁለት ቀጥ ያለ ግድግዳ።»

ሽማግሌው በረታቸውን ረስተው ቀና አሉ። «ኧረ ልጄ! ደግ አደረጉ። ክቡ ወደ ውስጥ ቢያጋድል እርስ በርሱ ይያዛል፤ አንዱ ድንጋይ ልውደቅ ቢል ግራና ቀኙ ትከሻ ሰጥተው ያቆሙታል። ያንቺ ቀጥ ያለው ግድግዳ መሃሉ ላይ ማን አለው? አንድ ክረምት ከቆመ ምን አለ በይኝ።»

ዘነቡ የምትደገፍበትን ፍለጋ መጥታ፣ ያገኘችው ፍርድ ነው። ግን፣ እናንተዬ፣ አላለቀሰችም። መዳፏን በግድግዳው ላይ አድርጋ ቤቱን በቀስታ አንድ ጊዜ ዞረችው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትመርገው የኖረችውን፣ ዛሬ ገና እንዳየችው ሁሉ።

«ትከሻ ለትከሻ» አለች ለራሷ። ከዚያ ወደ አብደላ ዞረች። «ጋሼ፣ እኩለ ቀን ነው አይደል ያሉት?»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ማዕዘኗን አፈረሰችው። እንደገና ስትጀምር እጇ አስቸገራት። ድንጋዩን ባስቀመጠች ቁጥር ወደ ውስጥ ገፋ ያደርገዋል፤ «ተው፣ ጎረቤት የለህም» እያለች ትመልሰዋለች። በየሁለት ረድፉ ቱንቢ ትጥላለች። ረፋድ ላይ ጭቃው አለቀባት። ፈንታው መጥቶ ሱሪውን ጠቅልሎ በእግሩ ማቡካት ጀመረ።

«ማንም አይርዳት ተብሏል!» ጮኸ አንዱ።

«መገንባት ነው ፈተናው። ጭቃ ላይ ብጨፍር ማን ይከለክለኛል?»

አድማሴ ሲመጣ የመጨረሻዋን ድንጋይ እያስቀመጠች ነው። አብደላ ቱንቢውን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ፣ ዘነቡ ለሊቀመንበሩ አቀረበችው።

«እስቲ አንቱ ይልቀቁት።»

አድማሴ በሕይወቱ ቱንቢ ይዞ አያውቅም፤ ሰው ፊት ደግሞ አላውቅም ማለት አልፈለገም። ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ወተፈና ክሩን ለቀቀ። ብረቱ ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘ። እሱም ጎንበስ አለ። ብረቱ ቆመ። በክሩና በግንቡ መሃል ያለው ክፍተት ከላይም ከታችም አንድ ሆነ። ወደ ሁለተኛው ጎን ማንም ሳይነግረው ሄዶ ለካ።

«ትናንት የተንጋደደው ዛሬ እንዴት ቀና?» አለ፣ እንደ ሊቀመንበር ሳይሆን ማወቅ እንደሚፈልግ ሰው።

ዘነቡ ነገረችው፤ ክቡንና ቀጥ ያለውን፣ ትከሻ ያለውንና የሌለውን። አድማሴም ያደገው ክብ ቤት ውስጥ ነውና፣ አፉን ከፍቶ ሰማ። ከዚያ ደብተሩን ከብብቱ አውጥቶ፣ «የአባት ስም?» አለ።

ማታ ለእናቷ ስትነግራቸው ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ወዲያው አላመኑም፤ ሁለቴ አስደገሟት። ሲያምኑ ግን ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና፣ «ሙጃማ ብርዱ አይጣል ነው» አሉ፤ ወፍራሙን ጋቢ ፍለጋም ወደ ጓዳ ገቡ።