ዝምተኛ ጎማ

በሱዳኗ ገዳሪፍ የመጀመሪያው ሰሊጥ ገበያ ሳይገባ የጭቃ ጎማውን የሚያወልቅ ሾፌር የለም። ካወለቀ ዝናቡን ተመለስ ብሎ እንደ መጥራት ይቆጠርበታል። ተቆርጦ በሂላ፣ በነዶ ክምር፣ የቆመ ሰሊጥ ዝናብ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ገበሬውም ነጋዴውም ስለሚያውቅ በዚህ ነገር ማንም አይቀልድም።

እኔ ግን ያን ዓመት ላወልቅ አሰብኩ።

ናፍጣ ጠፍቶ ነበር። ጃዝ ነው የምንለው እዚህ። ማደያው ለአንድ መኪና አንድ ሙሌት ይሰጥና ሌላ ሲጠየቅ ገና ነው ይላል። እኔ የምነዳው የሐጃ ዘሐራ ላንድክሩዘር ደግሞ ጠጪ ነበር። ሐጃ ዘሐራ ገበያው ውስጥ ሱቅ አላቸው፤ ከባሱንዳ ማዶም ሰሊጥ ያሳርሳሉ። መኪናው በአንድ ሙሌት እርሻው ደርሶ ካልተመለሰ እንደሚሸጡት ነገሩኝ። ከተሸጠ እኔ ወደ ማጭዴ ተመላሽ ነኝ። ከመተማ የመጣሁት ሰሊጥ ቆራጭ ሆኜ ነው፤ መሪ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። ማጭድ አልጠላም። መሪ ግን ከያዝኩ ወዲህ በሕልሜም እነዳለሁ።

ሐሳቡ የመጣልኝ መኪናውን ስገፋ ነው። ባትሪው ደካማ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ተገፍቶ ነው የሚነሳው። የበጋ ጎማ ሲያስር ሁለት ሰው ይበቃዋል። የጭቃ ጎማ ሲያስር ግን የመናኸሪያውን ግማሽ መለመን አለብኝ፤ ለእኔ ደግሞ ሰው ከመለመን ብቻዬን መግፋት ይቀለኛል። አንድ ጠዋት ወገቤን ይዤ ቆምኩና፣ እኛን ለጥቂት እርምጃ እንዲህ ያደከመን፣ ቀኑን ሙሉ የሚገፋው ሞተርስ ምን ይበል አልኩ። እነዚያ ትልልቅ የጎማ ጥርሶች ጭቃ ሲኖር ይቧጥጣሉ። በደረቅ መሬት ግን መንከባለሉን ትተው ይንፈራገጣሉ። ለመንፈራገጡ የሚነደው ጃዙ ነው።

ይህን ለመናገር ሱቃቸው በር ላይ ስመላለስ ሐጃ ራሳቸው ጠሩኝ። ሳልተነፍስ አወራሁት። ሲሰሙኝ ቆዩና ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ጥርት ብሏል።

«አውልቀው» አሉ። «ዝናብ ከመጣ ግን የምሸጠው መኪናውን አይደለም፤ አንተን ነው።»

ጎሚስታው ጎማዎቹን ሲቀይርልኝ አኑዋር ሻዩን ይዞ መጣ። አኑዋር በመናኸሪያው የታወቀ ሾፌር ነው። የጭቃ ጎማው በደረቅ መንገድ ሲሮጥ የሚያሰማውን ጉርምርምታ እንደ መለከት ይኮራበታል፤ ሻይ ሻጮቹ ሴቶች እንኳ ድምፁን ሰምተው ነው ሻይ የሚጥዱለት ይባላል። በማግስቱ እሱም ወደዚያው አቅጣጫ ሰሊጥ ሊያመጣ ነው። የመጀመሪያውን ጆንያ ያስገባ መኪና በእልልታ ይገባል፤ ዓመቱንም ጭነት አያጣም።

«ያ ዞል፣ አንተዬ፣ ዝምተኛ ሰው ዝምተኛ ጎማ አሰረ» አለ። «ስትመጣ ማን መጣ ይበልልህ?»

መናኸሪያው ሳቀ። እኔ አቀርቅሬ ብሎን አጠበቅሁ።

ንጋት ላይ ወጣሁ። ጎማዎቹ በደንብ ተነፍተዋል፤ በጥፊ ስመታቸው ይጮኻሉ። መኪናው ሌላ መኪና ሆነ። እግሬን ከነዳጁ ሳነሳ እንኳ መንከባለሉን አያቆምም። ባሱንዳ ስደርስ ወረድኩና የሸምበቆ ዘንጌን ታንከሩ ውስጥ ሰደድኩ፤ መለኪያው ከሞተ ስለቆየ የምንለካው በዘንግ ነው። እርጥቡ ከወትሮው ምልክት በላይ ነበር። ዙሪያዬን አየሁ። ማንም አለመኖሩን ሳረጋግጥ ዘለልኩ።

እርሻው ላይ የቆራጮቹ አለቃ ባንታምላክ ከሰዎቹ ጋር ሆኖ ጆንያዎቹን ጫነ። ሰዎቹም ገዳሪፍ ለመግባት የተራገፈ የሰሊጥ አገዳ አንጥፈው ከላይ ሊቀመጡ ሲሉ፣ ከምሥራቅ በኩል ጥቁር ደመና መጣ። ባንታምላክ ሰማዩን ትቶ ጎማዬን አየ።

«አውልቀህ ነው የመጣኸው?»

ሸራውን ጆንያው ላይ ጣልነውና ተነሣን። ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘንና ቶሎ አባራ። ዋልካ ጥቁር አፈር ግን ብዙ ዝናብ አይፈልግም፤ ፊታችን ያለው ወራጅ፣ የጎርፍ መውረጃው፣ ስንደርስ ሊጥ ሆኖ ጠበቀን። መሐሉ ላይ ሰመጥን። ሰዎቹ ዝናቡን በእኔ እያመካኙ ወረዱ። እኔ የጎማዎቹን አየር አስተነፈስኩ፤ ጎማ ሲተነፍስ ጠፍጠፍ ብሎ ጭቃውን በሰፊው ይረግጣል። እነሱ የተቀመጡበትን አገዳ ከሥሩ አነጠፉ። ገፉ፣ ወደቁ፣ እንደገና ገፉ። መኪናው አጓርቶ ሲወጣ ፊታቸው በጭቃ ጠፍቶ የሚታየው ጥርሳቸው ብቻ ነበር።

ከወራጁ ማዶ ዝናቡ አልደረሰም፤ መንገዱ ደረቅ ነው። በተነፈሰ ጎማ ብነዳ ጃዙ መንገድ ላይ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። የእጅ ፓምፑን አወጣሁ። ሰዎቹ እንደ አጨዳ በተራ እየተቀባበሉ፣ አንዱ እያዜመ ሌላው እየተቀበለ ይነፉ ጀመር። ሁለተኛው ጎማ ላይ ሳለን ጉርምርምታው ተሰማ። አኑዋር ነው። በወራጁ ውስጥ ምንም እንደሌለ አለፈና ጡሩምባውን እየነፋ አቧራውን አለበሰን።

«በቃ ተወውና እንሂድ» አለ ባንታምላክ። «ቀደመን እኮ!»

ሁሉም አዩኝ። በታላላቆቼ ላይ ቃል ተናግሬ አላውቅም።

«አንሄድም፣ አያ ባንታምላክ» አልኩ። «ጎማዎቹ እንደ ድንጋይ ሳይጠነክሩ ብንሄድ አንደርስም።»

ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። ባንታምላክ ፓምፑን ከሰውየው እጅ ነጠቀና ራሱ ይነፋ ጀመር።

ከዚያ በኋላ በረርን። ከላይ ያሉት ይዘፍናሉ፤ ከሥር የሚሰማ ነገር የለም። ባሱንዳን ካለፍን በኋላ ሜዳው ላይ አንድ መኪና ቆሞ አየን። አኑዋር ኮፈኑ ላይ ተቀምጧል።

«ጎማህ እስቲ ይዝፈንልን!» አሉት ከላይ።

ጃዙ አልቆበት ነበር። ዘንጌን የእኔ ታንከር ውስጥ ሰደድኩ፤ ጫፉ ብቻ ረጠበ። የማካፍለው የለኝም። መኪናውን ለረዳቱ ትቶ ከእኔ ጋር እንዲሄድ ነገርኩትና ጋቢና ገባ። ጥቂት ከሄድን በኋላ ጆሮውን ወደ መስኮቱ አዘነበለ።

«የሞተሩ ድምፅ ራሱ ይሰማል» አለ ቀስ ብሎ።

የገበያው በር ከሩቅ ሲታይ መኪናው አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛም ተንቀጠቀጠና ጠፋ። ልቤ አብሮ ጠፋ። እግሬን ከፍሬኑ አራቅሁ። ጭነቱን እንደ ተሸከመ፣ ያለ ሞተር፣ ተንከባለለ፣ ተንከባለለ፣ በሩ ሲቀርብ ቆመ። ሰዎቹ ዘለው ወረዱ፤ ከሁሉ ቀድሞ ትከሻውን የሰጠው አኑዋር ነው። እኔ መሪውን በመስኮቱ ይዤ እገፋለሁ። መኪናው እንደ ጋሪ ታዘዘን።

ገበያው ፊቱን አላዞረም፤ ምንም አልሰማማ! ያን ጊዜ አኑዋር እየገፋ በዚያ ጉሮሮው ስሜን ጠርቶ ጮኸ።

«የመጀመሪያው ሰሊጥ ገባ! ሰማኸኝ ነው የመጣው! ሰማኸኝ!»

እልልታው ከየሱቁ ወጣ። ሐጃ ዘሐራ ነጠላ ጫማቸውን አንዱን ጥለው ደረሱ። ዘንጉን ከእጄ ወስደው ታንከሩ ውስጥ ሰደዱት። እንደ ገባ ደርቆ ወጣ። ዘንጉን አዩ፣ ጆንያዎቹን አዩ፣ እኔን አዩኝ።

«የጭቃውን ጎማ ጓዳ አስገባው» አሉ። «እስከሚመጣው ክረምት እንዳላየው። አንተም ሂድና ፊትህን ታጠብ፤ ነገ ወደ እርሻው ትመለሳለህ።»

ልታጠብ ሄድኩ። አኑዋር አሁንም ስሜን እየጠራ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አላቀረቀርኩም።