ቆረቆርና ሁለተኛው ወንበር

ጸጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ጆሮ ዙሪያ እየከረከመ ዓይኑን ከመስታወቱ አልነቀለም። የሚያየው ከጀርባው ሁለተኛውን ወንበር የያዘውን የሚስቱን ወንድም ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ልጆች እዚህ ተላጭተው ሄደው ቆረቆር ወጥቶባቸዋል። “እሱ ነው! ከእሱ ሌላ ማን ሊሆን?” ይላል በሆዱ። በሆዱ ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር፤ ለደንበኛውም ሁሉ ሹክ ብሏል። እጅ ከፍንጅ ከያዘው ዛሬውኑ ያሰናብተዋል፤ ሚስቱ ካኮረፈች ታኩርፍ።

የሚስቱ ወንድም፣ ሰፈሩ “ፈጣኑ” የሚለው፣ የመላጫ ማሽኑን በአልኮል ጠረገ። ደግሞ ጠረገ።

“ምነው፣ ልታጠጣው ነው እንዴ?” አለ ጸጉር አስተካካዩ።

“ጋሼ፣ ብጠርግ ቁጣ፣ ባልጠርግ ቁጣ! ምን ላድርግ?”

“እያየሁህ ስለሆነ ነዋ የምትጠርገው!”

ፈጣኑ የላጨውን ደንበኛ ወደ ጸጉር አስተካካዩ መራው። በዚህ ቤት ማንም ይላጭ ማን፣ በመጨረሻ ራሱንና አንገቱን በለስላሳው ብሩሽ አራግፎ “በጤና!” ብሎ የሚሸኘው የሱቁ ባለቤት፣ ጸጉር አስተካካዩ ነው። ብሩሹን ሌላ ሰው እንዲነካበት አይፈልግም።

እያራገፈ ሳለ በሩ ተበረገደ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ እዚሁ የሚላጭ ልጇን እየጎተተች ገባች። የልጁ አናት ላይ ሳንቲም የሚያህል ክብ መላጣ ወጥቷል፤ ዙሪያውን ቅርፊት ይዞታል።

“እህቴ፣ ቅባት ብትቀቢው...” አለ ፈጣኑ።

“ቅባት ለገላ ጭርት ነው! ይሄ የጸጉሩ ሥር ገብቷል። ለስድስት ሳምንት በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት ታዞለታል።”

ጸጉር አስተካካዩ ደስ አላለውም ብንል ውሸት ነው። ይኸው፣ ማስረጃው በእግሩ መጣለት።

“ማሽኑን እኮ በአልኮል እጠርጋለሁ” አለ ፈጣኑ።

“ማሽኑ ብቻ መሰለህ? ማበጠሪያው፣ ፎጣው፣ ብሩሹ፣ ከራስ ወደ ራስ የሚዞር ሁሉ ያስተላልፋል።”

ጸጉር አስተካካዩ እጁን አየ። ብሩሹን መቼ ነበር ያጠበው? ኧረ ጉድ! አንድ ቀን እንኳ አጥቦት አያውቅም።

“ከሁለታችሁ ማነው ልጄን ለዚህ የዳረገው?” አለች ነርሷ።

የተቀመጠው ሁሉ ወደ ሁለተኛው ወንበር ዞረ። ፈጣኑ አንገቱን ደፋ። ጸጉር አስተካካዩ ዝም ቢል ይበቃ ነበር፤ የሱቁም የእሱም ስም ይተርፋል።

“እኔ ነኝ” አለ ጸጉር አስተካካዩ። “እሱ የለበትም። ሁሉንም በዚህ ብሩሽ ሳራግፍ የኖርኩት እኔ ነኝ።”

ብሩሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ ነርሷ ዞረ።

“የሁለቱን ልጆች ቤት አውቀዋለሁ። አብረሽኝ ነይና ስለ መድኃኒቱ ለወላጆቻቸው ንገሪልኝ፤ ጥፋቱን እኔ እናገራለሁ።”

ጋውኑን አወለቀና የሱቁን ቁልፍ ፈጣኑ እጅ ላይ አስቀመጠ።