አክስቴ ከላይ ሆና ያየችው ቆጠራ

አክስቴ ሞታ ነበር። ቀልድ አይደለም! ሆዷን ቀዶ ሕክምና ሲያደርጉላት ልቧ ሦስት ደቂቃ ቆመ፤ ዶክተሩ ራሱ ነው የነገረን። ከዚያ መለሷት። ተመስገን። ግን የተመለሰችው ሴትዮ ዝም የምትል አይደለችም።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፣ እኔ ሱቋ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነኝ። እዚያ ቤት ልብስ ከመውጣቱ በፊት ስፒል ይቆጠራል። አንድ ከጎደለ፣ ሙሽራዋ በር ላይ ቆማ ብታለቅስም ቀሚሱ አይወጣም። አለቀ።

በስድስተኛው ቀን ትኩሳቷ አልወርድ አለ፣ ሆዷ ከበሮ አከለ። ዶክተሩ "ያለ ነው" እያለ መድኃኒት ይቀያይራል። እሷ እጄን ጎትታ፣

"ስማ፣ ሆዴ ውስጥ ጎዝ ረስተዋል" አለችኝ። ደም የሚመጥጡበትን ጨርቅ ማለቷ ነው።

"ማን ነገረሽ?"

"ማን ይነግረኛል! አየሁ እንጂ። ሰውነቴ እታች ተጋድሟል፣ እኔ ጣራው ሥር ነኝ።"

እውነት ለመናገር፣ ትኩሳቱ ጭንቅላቷ ላይ የወጣ መሰለኝ። "አልፈራሽም?" አልኳት።

"የምን ፍርሃት! እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም፤ ወገቤን እንኳ አላመመኝም። ልሄድም ነበር። ግን ጎዙን መቁጠር ጀመሩ። አሁን እኔ ቆጠራ እያየሁ ጥዬ የምሄድ ሴት ነኝ?"

ጠዋት ዶክተሩ መጣ። "እማማ፣ እንዴት አደሩ?"

"አላደርኩም። ቁጭ በል ልጄ። ጎዙ ስንት ነበር?"

ሳቀ። "ሃያ ገባ፣ ሃያ ወጣ። ነርሷ ጮክ ብላ ቆጥራለች።"

"ልክ ነው፣ ሃያ ብላለች። ግን ልቤ ቆሞ ስትተራመሱ፣ ያ ቀጭኑ ረዳትህ አንዱን ጎዝ በመቀስ ለሁለት ቆረጠው። ሃያው ሃያ አንድ ቁራጭ ሆነ ማለት ነው። ሃያ ከወጣ፣ አንዱ የት ገባ?"

ዶክተሩ "ማደንዘዣ ውስጥ ጆሮ አንዳንዴ ይሰማል። አእምሮ ከዚያ ተነስቶ ሕልም ይሠራል" አላት።

"ጆሮዬማ 'ሃያ፣ ሙሉ ነው' የሚለውን ነው የሰማው! ጆሮዬን ባምን ኖሮ ዝም ብዬ እሞትልህ ነበር።"

"ዶክተር፣ አንድ ራጅ ምን ይከብዳል?" አልኩ እኔም።

"ከዚህ አልጋ ወይ ለራጅ ነው የምነሣው፣ ወይ ሬሳ ሆኜ!" ብላ ጮኸች።

አጠገቧ የተኛችው ሴትዮ "ኧረ ዶክተር፣ አንሷቸውና እኛም እንተኛ!" አለች።

አነሷት። ዶክተሩ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ቀና አድርጎ ያዘው። ጎዝ ውስጥ በራጅ እንዲታይ ተብሎ የሚገባ ክር አለ አሉ፤ ሆዷ መሐል ነጭ ሆኖ ተጠቅልሏል። የዶክተሩ ፊት አመድ መሰለ።

በዚያው ዕለት ቀዶ ሕክምና ክፍል መልሰው አስገቧት። እኔ ኮሪደሩ ላይ ልቧ እንዳይቆም ስጸልይ፣ ዶክተሩ ጭምብሉን አውርዶ ወጣ።

"ወጥቷል! ልቧም እንደ ሰዓት ነው።" ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ "ረዳቱን ጠየቅኩት። ቆርጬዋለሁ አለ። ለማንም አልተናገረም፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ አላየሁትም" አለኝ።

ተቃቅፈን እንደ ኳስ ደጋፊ ዘለልን። ዘበኛው ተቆጣን።

ትኩሳቷ በሁለት ቀን ጠፋ። የምትወጣ ዕለት ዶክተሩ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"እማማ፣ ዓይንዎ ተከድኖ ነበር። በምን አዩ?"

"እኔ ምን አውቄ! ማየቴን ነው የማውቀው። የተማርከው አንተ፣ በምን እንደሆነ አንተ ፈልግ።"

"እፈልጋለሁ" አለ። ከልቡ ነው ያለው።

ተሽከርካሪ ወንበር አመጡላት። ቦርሳዋን ጫነችበትና እኔን አስገፋችኝ። እሷ ፊት ፊት፣ በሁለት እግሯ፣ ደረቷን ነፍታ። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበላት።