የቁም ሳጥኑ የታችኛው ጫፍ

ዕቃ አጓጓዦቹ «ግንቡ» ይሉታል። ቁም ሳጥን ደረጃ ሲወጣ ክብደቱ የሚያርፈው ከታች በያዘው ሰው ላይ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ እሱ ነበር። ከላይ የሚይዘው ባልደረባው «ወፍጮ» ነው፤ አፉ ስለማያርፍ እንዲህ አሉት። ወፍጮ ወደ ኋላ እየረገጠ ወሬውን ሲፈጭ፣ ግንቡ ከታች ሆኖ ፊቱን እያየ ይስቃል። ዕድሜያቸውን የገፉት እንዲህ ነው።

ኋላ ግን ውፍረቱ ጉልበቱን አሳመመው። ሐኪሟ ሥራ አስቁማ፣ በየሳምንቱ ሆዱ ላይ የሚወጋ የክብደት መቀነሻ መርፌ አዘዘችለት።

«አደራ» አለችው፣ «መርፌው የምግብ ፍላጎትዎን ይዘጋዋል። በደንብ ካልበሉና ካልተንቀሳቀሱ ከስቡ ጋር ጡንቻዎም ይሄዳል። እንቁላልና ባቄላ ይብሉ፤ ክብደት ያንሱ።»

ክብደት ያንሱ! ዕድሜ ልኩን የሰው ቤት ሲሸከም ለኖረ ሰው! በሆዱ ሳቀባትና በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው አፈሰሰው። አይ ግንቡ። ወራቱን ሶፋ ላይ ተጋድሞ፣ ሚስቱ ካቀረበችለት ሁለት ማንኪያ እየቀመሰ አሳለፈ። ሱሪው ሲሰፋው ደስ አለው። ግን የጭነት መኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ተነሥቶ መስኮቱ ላይ ይሰቀላል። ወፍጮ ናፈቀው። ያ የማይረባ ወሬው ሁሉ ናፈቀው።

ጉልበቱ ሲሻለው ወደ ሥራው ተመለሰ።

«አንተ፣ ግንቡን ማን አፈረሰው?» አለ ወፍጮ እቅፍ አድርጎት።

የዚያን ቀን ሥራ የአንዲት ጡረተኛ ቁም ሳጥን ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ። ግንቡ ማንንም ሳይጠይቅ ከታች ገባ። ወፍጮ ስለ አማቱ ማውራት ጀመረ። ገና የመጀመሪያውን መታጠፊያ ሳያልፉ የግንቡ ጭኖች ተንቀጠቀጡ፣ ክንዱም ከዳው። ቁም ሳጥኑ ደረቱ ላይ ተንሸራተተ። ወፍጮ ቁም ሳጥኑ የታሰረበትን ገመድ ጎትቶ ባይዘው ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር።

መታጠፊያው ላይ አሳረፉት። ወፍጮ ዝም አለ። ግንቡ እሱን ዝም ሲል አይቶት አያውቅም።

«ስቡን ብቻ የሚወስድ መስሎኝ» አለ ግንቡ።

«አልነገረችህም?»

«ነግራኛለች። እንደኛ ላለው ሰው አልመሰለኝም።»

«ደረቅ! በል ና፣ ከላይ ያዝ።»

ከላይ ያዘ። ወደ ኋላ እየረገጠ ሲወጣ ወፍጮ ከሥሩ አጎንብሶ ያቃስታል። አናቱ ተመልጧል። ያን ሁሉ ዘመን አብረው ሲሠሩ ግንቡ ይህን አናት አይቶት አያውቅም፤ ከታች ለሚይዝ ሰው የሚታየው ፊት ብቻ ነው። እሱ ሶፋ ላይ ሲጋደም ከታች ሲሸከም የከረመው ይኸው ሰው ነው፤ እሱም አርጅቷል።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱን እንቁላል አስቀቀለ። ሳይርበው ታግሎ በላው። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ በእጁ ሳይደገፍ ተነሣ፤ ተቀመጠ፤ ተነሣ።

«ምን ነካህ?» አለችው።

«ቦታዬን እፈልጋለሁ» አለ እያለከለከ። «ወፍጮ ሲያወራ ፊቱን ማየት ነው የምፈልገው።»

ተቀመጠና እንደገና ተነሣ።