ስማርት ቦርዱ ሊወሰድ ነው!

ወይኔ ናዝራዊት! ያን ቀን እኮ ልቧ በአፏ ሊወጣ ነበር። ኮልፌ ያለው ትምህርት ቤታቸው ያገኘው ስማርት ቦርድ ተማሪውን ካልጠቀመ ለሌላ ትምህርት ቤት ይሰጣል ተብሏል፤ የሚገመግሙት ወይዘሮ ኮከብ የሚመጡት ደግሞ ዛሬ! እሷ ቦርዱን እንዴት እንደምትወደው! ደም ልብ ውስጥ ሲዘዋወር ያየችው እሱ ላይ ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው ልብማ ድንች ነው የሚመስለው።

የባዮሎጂው ቲቸር ሰብስቤ ጠዋት አለማመዳቸው። "ስጠይቅ ሁላችሁም እጅ ታወጣላችሁ። የሚያውቅ ቀኝ፣ የማያውቅ ግራ። የምጠራው ቀኝ ብቻ ነው!"

"ቲቸር፣ እኔ ግራኝ ነኝ እኮ" አለች ናዝራዊት።

"ለዛሬ ቀኝ ሁኚልኝ በናትሽ!"

ወይዘሮ ኮከብ ገብተው ጥግ ላይ ቆሙ። ቪዲዮው ተከፈተ፤ ደሙ እንደ ጦር ኃይሎች አደባባይ ታክሲ እየተጋፋ በረረ።

"ደሙ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው ምንድነው?" አለ ቲቸር። ክፍሉ በሙሉ እጅ ብቻ ሆነ!

ሴትዮዋ ፈገግ አሉ። "ቲቸር፣ እኔ ልጥራ። ግራ ያወጣችሁ ብቻ!"

ወይ ጉድ! ለካ እሳቸውም አስተማሪ ነበሩ፤ ይቺን ዘዴ አሳምረው ያውቋታል።

መጀመሪያ ከኋላ የተቀመጠውን ኢብራርን ጠሩት።

"እ... ትራፊክ ፖሊስ?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀጥሎ ናዝራዊት! ጓጉታ ለካ ግራዋን ነው ያወጣችው።

"ቫልቭ! እንደ በር ነው እትዬ፣ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚከፈተው!"

"ጎበዝ! ቦርዱ ነው ያስተማረሽ?"

ሁሉም አፈጠጠባት። አዎ ብትል ያልቃል! ግን አፏ መች ይሰማታል?

"ግማሹን። ሲንቀሳቀስ ሳየው ነው የገባኝ። ግን ቪዲዮው ዝም ብሎ ይሮጣል፣ ማንም አያቆመውም። ከኋላ ያሉት ደግሞ ፀሐይ እያንጸባረቀ አይታያቸውም።"

ቲቸር ሰብስቤ ላብ በላብ ሆነ። ወይዘሮ ኮከብ ሄደው ኢብራር ቦታ ላይ ቁጭ አሉ፤ አንገታቸውን አሰገጉ፤ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ።

"እውነቷን ነው። እኔ የሚታየኝ የገዛ ፊቴ ነው!"

ናዝራዊት አለቀላት። በገዛ ምላሷ ቦርዱን አስወሰደች!

"ችግሩ ቦርዱ አይደለም፣ መስኮቱ ነው" አሉ ሴትዮዋ። "በሉ ሹራብ አውልቁና ጋርዱት። እርስዎም ቲቸር፣ እያቆሙ ያሳዩዋቸው። እንደገና እንሞክረው።"

የሹራብ መጋረጃ ተሰቀለ። ቲቸር ከፈተ፣ አቆመ፣ አሳየ፣ ቀጠለ። ይኼኔ ኢብራር ጎል የገባ ይመስል ዴስኩ ላይ ዘለለ።

"ቫልቩ ተዘጋ! አያችሁት? ጥርቅም ብሎ ተዘጋ!"

"ቦርዱ ይቆይላችሁ" አሉ ወይዘሮ ኮከብ እየሳቁ፤ ናዝራዊት ግን ከኢብራር ጋር በደስታ እየጮኸች ስለነበር አልሰማቻቸውም።